ለአንቴና የሚሆን ምሰሶ፦ ፋይበር ግላስ፣ ቀርከሃና ከራሳችን በላይ ያለው ሰማይ



ስለ ምሰሶ ለመናገር ከምሰሶ ውድቀት መጀመር ግድ ይለኛል። ከብዙ ዓመታት በፊት በሌላ ተቋም ሳስተምር የሬዲዮ ሞገድ ሥርጭትን በተግባር ለማሳየት 12 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አንቴና መስቀል አስፈልጎን ነበር። በእጃችን የተገኘው ሁለት የውሃ ቧንቧ ነው። በብሎን አጋጠምናቸው፤ አራት ተማሪዎች ከሥር ያዙ፤ ሁለቱ በገመድ ሳቡ። ቧንቧው ቀጥ ሊል ጥቂት ሲቀረው መጋጠሚያው ከዳን። ከመብራት መስመር ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ወደቀ፤ የአንድ ተማሪ የእግር ጣቶችም ተሰበሩ። ወደ ሌላው ጎን አዘንብሎ ቢሆን ኖሮ አራቱም ልጆች ብረቱን እንደጨበጡ ነበሩ። ቦታውን የመረጥሁት እኔ፣ ቧንቧውን የመረጥሁትም እኔ ነበርሁ። ዛሬ በፊታችሁ ስለ ፋይበር ግላስ ምሰሶ አመራረጥ የምናገረው ስለዚህ ነው፤ ርእሱ ከላይ ሲታይ የዕቃ ግዢ ጉዳይ ይመስላል፤ ለእኔ ግን አይደለም።

አማተር ሬዲዮ ሰዎች ለገንዘብ ሳይሆን ለመማር፣ ለመሞከርና እርስ በርስ ለመገናኘት ከመንግሥት ፈቃድ አግኝተው የሚሠሩበት የሬዲዮ አገልግሎት ነው። በዓለም አቀፍ ድልድል የአገራችን የጥሪ መለያ «ኢ.ቲ.» በሚሉት ፊደላት ይጀምራል፤ በአዲስ አበባ አምስት ኪሎ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ግቢ የሚገኘው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያም «ኢ.ቲ.3.ኤ.ኤ.» በሚለው መለያው በመላው ዓለም ይታወቃል። የሬዲዮ ሞገድ አጠቃቀምን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። እኛ በመስክ ልምምዳችን የምንሠራው ማዳመጥን ብቻ ነው፤ ማሰራጨት ፈቃድ ይጠይቃል። ምሰሶው ግን ለሁለቱም ያው ነው።

ምሰሶ ከመምረጣችን በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፦ ምን ያህል ከፍታ ያስፈልገናል? ተማሪዎቼን ስጠይቅ ሁልጊዜ የማገኘው መልስ «በተቻለ መጠን ረጅም» የሚል ነው። ይህ መልስ ለቴሌቪዥንና ለኤፍ.ኤም. አንቴና ልክ ሊሆን ይችላል። ከኢንጅባራ ወደ ዳንግላ ለመነጋገር ግን ስሕተት ነው።

ምክንያቱን ላብራራ። ኢንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ዳንግላ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ፤ በመካከላቸው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ፤ መንገዱም ኮረብታና ሸለቆ ነው። በቀጥታ የሚጓዝ ሞገድ ኮረብታው ይጋርደዋል። በአጭር ሞገድ የምንሠራ ከሆነ ግን ኮረብታውን ማለፍ አይጠበቅብንም፤ ሞገዱን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርገን እንልከዋለን፤ ከ200 እስከ 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያለው የአዮኖስፌር ንብርብርም መልሶ እንደ ዝናብ በዙሪያችን ያዘንበዋል። ዳንግላ፣ ቻግኒ፣ ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ሁሉም ከዚያ ዝናብ ሥር ናቸው። ከምድር ወገብ አካባቢ ያለው አዮኖስፌር በቀን ጠንካራ ስለሆነ 7 ሜጋኸርዝ ላይ ያለው የአማተር ባንድ በአብዛኛው ቀን ለዚህ ሥራ ይመቻል፤ ሲመሽና በተለይ ጎሕ ከመቅደዱ በፊት ወደ 3.5 ሜጋኸርዝ መውረድ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ከፍታው እንመለስ። በ7.1 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 42 ሜትር ገደማ ነው። በአግድም የተዘረጋ ሽቦ ወደ ላይ የሚልከው ሞገድና ከመሬት ነጥሮ የሚመለሰው ሞገድ ተደጋግፈው የሚደመሩት ሽቦው ከመሬት የሞገዱን ሩብ ያህል፣ ማለትም 10 ሜትር ተኩል ያህል፣ ሲርቅ ነው። ወደ 7 ሜትር ብናወርደው የምናጣው ኃይል በመቀበያው መለኪያ ላይ አንድ እርከን እንኳ አይሞላም። ወደ ላይ ብንሄድስ? 21 ሜትር ላይ፣ ማለትም በሞገዱ እኩሌታ፣ ሁለቱ ሞገዶች ቀጥ ወዳለው አቅጣጫ ይሻራሉ። አንቴናው ወደ አድማስ ያዘነብላል፤ አውሮፓንና እስያን በደንብ ይሰማል፤ ዳንግላን ያጣል። እንግዲህ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ፣ ሕይወትንም አደጋ ላይ ጥሎ 20 ሜትር ምሰሶ ያቆመ ሰው ጎረቤቱን ለማራቅ ደከመ ማለት ነው። (ይህን ስናገር ከኋላ ሲስቁ የምሰማቸው ባለፈው ዓመት 20 ሜትር እንድንገዛ የተከራከሩኝ ናቸው።)

ስለዚህ የምንፈልገው ከ8 እስከ 10 ሜትር ነው። የፋይበር ግላስ ምሰሶ ዋጋ የሚኖረው በዚህ ልክ ውስጥ ነው።

ወደ ዕቃው ከመግባቴ በፊት ስለ አቅጣጫ አንድ ነገር ልጨምር፤ ምሰሶውን የምንተክልበትን ቦታ ይወስናልና። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በአገራችን ላይ ያልፋል። በ1957 እና 58 እ.ኤ.አ. በተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ዘመን በአዲስ አበባ የመግነጢስ መለኪያ ጣቢያ የተቋቋመው፣ ዛሬም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዋሸራ የተሰኘው የጂኦስፔስና ራዳር ሳይንስ ላቦራቶሪ ይህን ሰማይ የሚያጠናው ያለ ነገር አይደለም። ወደ አዮኖስፌር የገባ ሞገድ በመግነጢሳዊው መስክ ምክንያት ለሁለት ይከፈላል። በአውሮፓ ሁለቱም ክፍሎች እየተሽከረከሩ ስለሚመለሱ የሽቦው አቅጣጫ ብዙ ለውጥ አያመጣም። በእኛ ዘንድ ግን መስኩ ከምድር ጋር ትይዩ ሆኖ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይተኛል፤ ቀጥ ብሎ የሚወጣው ሞገድ አንዱ ክፍል በሰሜንና ደቡብ፣ ሌላው በምሥራቅና ምዕራብ መስመር ብቻ ይወዛወዛል። ኢንጅባራ ሽቦዋን ሰሜን ደቡብ፣ ዳንግላ ምሥራቅ ምዕራብ ብትዘረጋ ሁለቱ እየተነጋገሩ አይሰማሙም። ሁለቱም ሰሜን ደቡብ ቢዘረጉ ይሻላል፤ የምሥራቅ ምዕራቡ ክፍል በታችኛው አዮኖስፌር ይበልጥ ይዋጣልና። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በታይላንድ፣ እርሷም ለመግነጢሳዊው ወገብ ቅርብ ናትና፣ የተደረጉ የመስክ ልኬቶችም ይህንኑ ይደግፋሉ። ከውጭ የሚመጡ መጻሕፍት ይህን ብዙ ጊዜ አይነግሯችሁም፤ የተጻፉት ለሌላ ሰማይ ነውና። ስለዚህ ምሰሶ የሚተከልበት ቦታ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ በየአቅጣጫው 12 ሜትር ያህል ክፍት መሆን አለበት።

አሁን ወደ ዕቃው። ፋይበር ግላስ ምን እንደሆነ ለአዊ ልጅ ማስረዳት ለሌላው ከማስረዳት ይቀላል። ቀርከሃን ታውቃላችሁ። ቀርከሃ ከሥር እስከ ጫፍ የሚሮጡ ረጃጅም ቃጫዎች በተፈጥሮ ሙጫ ተጣብቀው የተሠራ ባዶ ቱቦ ነው። ፋይበር ግላስም ይኸው ነው፤ ቃጫው ቀልጦ እንደ ፀጉር የተሳበ መስታወት፣ ሙጫው ሬዚን የሚባል ኬሚካል ነው። የቀርከሃ ጠባይ ሁሉ አለው፦ ቀላል ነው፤ ይጎብጣል እንጂ ቶሎ አይሰበርም፤ ሲሰበርም በቁመቱ ይሰነጠቃል፤ ጎኑን አጥብቀው ከጨመቁት ይደቃል። ቀርከሃ ይህን የመጨረሻውን ድክመት በአንጓዎቹ ይከላከላል። የፋብሪካው ቱቦ አንጓ የለውም፤ ስለዚህ በብረት ማጥበቂያ ያለ ልክ የሚያጠብቀው ሰው ራሱ ይሰብረዋል።

በቁጥር ለሚፈልግ፦ ፋይበር ግላስ ከብረት ክብደቱ ሩብ ገደማ ነው፤ ግትርነቱ ግን ከአምስት እስከ አሥር እጥፍ ያንሳል። ይህ ማለት በራሱ ብቻ ቀጥ ብሎ እንዲቆም አይጠበቅም፤ በመወጠሪያ ገመድ ይያዛል። የቱቦ ግትርነት የሚወሰነው ከሁሉ በላይ በውፍረቱ ነው፤ የግድግዳው ውፍረት ሳይለወጥ የቱቦው ስፋት በእጥፍ ቢያድግ ግትርነቱ ስምንት እጥፍ ያህል ያድጋል። ምሰሶ ስትገዙ ቀድማችሁ የምትጠይቁት ቁመቱን ሳይሆን የሥሩንና የጫፉን ስፋት ይሁን።

በገበያ የሚገኙት ሦስት ዓይነት ናቸው ለማለት ይቻላል። አንደኛው ከዓሣ ማጥመጃ ዘንግ የተወለደው፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚገባ ቀጭን ምሰሶ ነው። ይህ ጫፉ እንደ አርጩሜ ስለሆነ «10 ሜትር» ተብሎ የተሸጠው የላይኞቹ ሁለት ቁራጮች ሲወጡ 8 ሜትር ይሆናል፤ የሚያገለግለውም 8 ሜትሩ ነው። ሁለተኛው በተመሳሳይ አሠራር ሆኖ ወፍራም ግድግዳ ያለው ነው፤ የጀርመኑ ስፓይደርቢም ባለ 12 ሜትር ምሰሶ ለምሳሌ 3.3 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ሲታጠፍ 1.2 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሦስተኛው በወታደር መጋረጃ መረብ መደገፊያነት ተሠርቶ በትርፍነት የሚሸጠው፣ 1.2 ሜትር በ1.2 ሜትር እየተሰካካ የሚረዝመው ነው። ይህ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ሲሰካካ ወደ ላይ እየተገፋ ስለሚሄድ ከአምስትና ስድስት ቁራጭ በላይ በሁለት ሰው ማቆም ከባድ ነው። ለእኛ ሥራ ሁለተኛው ይሻላል ባይ ነኝ።

ነፋሱን እንስላ። ባለ 10 ሜትር ምሰሶ አማካይ ስፋቱ 3 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ለነፋስ የሚያቀርበው ገጽ 0.3 ካሬ ሜትር ነው። በሰከንድ 20 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር፣ የሚነፍስ ነፋስ በባሕር ወለል ላይ 88 ኒውተን ገደማ ይገፋዋል። ኢንጅባራ ላይ ግን አየሩ ስስ ነው፤ ጥግግቱ በኪዩቢክ ሜትር 0.9 ኪሎ ግራም ያህል ስለሆነ ግፊቱ ወደ 65 ኒውተን ይወርዳል። ከፍታችን ሩቡን ያህል ማረልን ማለት ነው። ደስ ሊለን አይገባም፤ ይኸው ስስ አየር የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር ያሳልፋል፤ ጨረሩም ሬዚኑን ይበላል። ሁለት ዓመት ደጅ የከረመ ምሰሶ ስትነኩ እጃችሁን የሚያሳክካችሁ የተጋለጠው የመስታወት ቃጫ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ቀለም ወይም ቫርኒሽ መቀባት፣ በሥራ ላይ በማይሆንበት ጊዜም ጥላ ሥር ማስቀመጥ። የብር መልክ ያለው የአሉሚኒየም ቀለም ግን አይቀባ፤ ብረት ነውና።

የራሴን ሁለተኛ ጥፋት አሁን ልናገር። እዚሁ ኢንጅባራ በመጀመሪያ ያቆምሁት የፋይበር ግላስ ምሰሶ አንድ ሌሊት ብቻ ነው የቆየው። ጠዋት ስንመጣ ቁራጮቹ አንዱ በአንዱ ውስጥ ተሰብስበው ምሰሶው ቁመቱ እኩሌታ ሆኖ ሽቦው ሣር ላይ ተኝቶ አገኘነው። አልተሰበረም፤ ተቀመጠ እንጂ። ነፋሱን ረገምን። በኋላ ስናስበው ግን ነፋሱ ጥፋት አልነበረውም። ቁራጮቹን የሚይዛቸው መፋተግ ብቻ ነው፤ በመዓልትና በሌሊት ሙቀት ሲሰፉና ሲጠቡ፣ በነፋስም ሲንቀጠቀጡ ይላላሉ። ከዚህ ላይ እኔ ሦስት ሸክም ጨምሬ ነበር። የመጀመሪያው ወፍራሙ ኮአክሲያል ገመድ ነው፤ በሜትር 150 ግራም ያህል ስለሚመዝን አሥሩ ሜትር አንድ ኪሎ ተኩል ይሆናል፤ ያን ሁሉ በጫፉ ላይ አንጠልጥዬው ነበር። ቀጭኑ አርጂ-58 የሚባለው በሜትር 40 ግራም እንኳ አይሞላም፤ ለዚህ ከፍታና ለዚህ ፍሪኩዌንሲ ይበቃል። ሁለተኛው ሽቦውን እንደ ክራር ጅማት መወጠሬ ነው። ሦስተኛውና ዋናው የመወጠሪያ ገመዶቹን ማጥበቄ ነበር። ገመድ ሲጠብቅ ምሰሶውን ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም ይጫነዋል፤ የሚያቆመው የመሰለኝ ገመድ ራሱ አስቀመጠው።

ዛሬ እንዲህ እናደርጋለን። በየመጋጠሚያው ላይ ናስትሮ ሁለት ሦስት ዙር እንጠመጥማለን፤ ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነ ከሥሩ ጎማ አድርገን የጎማ ቱቦ ማሠሪያ ቀለበት በልኩ እናስራለን። የመወጠሪያ ገመድ የምናስረው ከቁመቱ ሁለት ሦስተኛ ላይ ነው፤ አራት ገመድ፣ ካስማዎቹም ከምሰሶው ሥር ቢያንስ የቁመቱን እኩሌታ ርቀው። ገመዱ ፖሊስተር ቢሆን ይመረጣል፤ ናይሎን ሲረጥብ ይለጠጣል። ገመዱ ቀጥ ይበል እንጂ አይዘምር። በክረምት ቀዩ አፈራችን ሲርስ ካስማ እንደ ቅቤ ስለሚለቅ ረጅም ካስማ፣ ወይም ድንጋይ መጫን፣ ያስፈልጋል። የሽቦው ሁለት ክንፎች እያንዳንዳቸው 10 ሜትር ያህል ሆነው ከጫፉ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ያዘነብላሉ፤ መጨረሻቸው ከሰው እጅ በላይ ይሁን፤ በሚሰራጭበት ጊዜ ከፍተኛው ቮልቴጅ እዚያ ነውና።

ሌላ ማስጠንቀቂያ። ከፋይበር ግላስ ጋር የሚመሳሰል የካርቦን ምሰሶ አለ፤ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎች ብዙዎቹ ከእርሱ ናቸው። ካርቦን ይቀላል፣ ይገትራል፤ ግን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። አንቴናውንም ያበላሻል፤ ከመብራት መስመር ጋር ከተገናኘም እንደ ብረት ይገድላል። ሻጩ የሚለውን አትመኑ። የሥሩን ቁራጭ ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋችሁ በመልቲሜትር ለኩት፤ ንባብ ከሰጠ ካርቦን አለበት።

ፋይበር ግላስ ራሱ አያስተላልፍም ስል ግን የመጀመሪያውን ታሪኬን እንዳትረሱ። በምሰሶው ላይ የተንጠለጠለው ሽቦ መዳብ ነው። ዘንጉ ሲረጥብና ሲቆሽሽም ላዩ መተላለፊያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በእኔ የመስክ ልምምድ ሕጉ ይህ ነው፦ የምሰሶው ቁመት እጥፍ የሚሆን ርቀት ውስጥ የመብራት መስመር ካለ ምሰሶው አይነሣም። ባለ 10 ሜትር ከሆነ 20 ሜትር። ቦታው ጠባብ ነው፣ ተማሪው ብዙ ነው፣ ጊዜው አጭር ነው የሚል ምክንያት ሁሉ ቀርቦልኛል፤ አልተቀበልሁም።

ጥያቄዎች ተነሥተዋል፤ ሁለቱን ልመልስ።

አንደኛው፦ «ቀርከሃ በደጃችን እያለ ለምን ከውጭ እናስመጣለን?» መልካም ጥያቄ ነው፤ እኔም ለቋሚ ጣቢያ ቀርከሃን አልንቅም። የደጋው ቀርከሃችን ከምንፈልገው ከፍታ በላይ ያድጋል። ችግሩ ርጥቡ ከባድ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ነቀዝም ይበላዋል፤ መሬት ውስጥ የተቀበረው ሥሩም ቶሎ ይበሰብሳል። በእኔ ግምት ለግቢያችን የሚሻለው ቅልቅሉ ነው፦ ከታች 4 ሜትር የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ ከእርሱ ጋር በሁለት ቦታ የታሰረ የፋይበር ግላስ ምሰሶ። ቋሚው ግትርነቱን ይሰጣል፤ ዘንጉ ከፍታውን። ወደ ዳንግላ ለሚሄደው ቡድን ግን በሚኒባስ ውስጥ የሚገባው 1.2 ሜትሩ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ስለ መብረቅ ነው። ፋይበር ግላስ መብረቅን አይከለክልም፤ ሽቦው አለና። የአዊን ክረምት ለእናንተ አልነግራችሁም። የዚህ ምሰሶ ትልቁ ጥቅም ግን በሁለት ደቂቃ ውስጥ መውረዱ ነው። ደመናው ሲጠቁር፣ ነጎድጓድ ከመሰማቱ በፊት፣ ኮአክሲያል ገመዱን ከመሣሪያው ነቅላችሁ ወደ ውጭ አውጡት፤ ምሰሶውንም አውርዱት። ነጎድጓዱ ከተሰማ ግን ማንም ወደ ምሰሶው አይጠጋ፤ ምሰሶው ይቃጠል። በመጪው ቅዳሜ ጠዋት ከላቦራቶሪው ጀርባ ባለው ሜዳ እናቆማለን፤ ጓንት ይዛችሁ ኑ፤ ቃጫው ያሳክካል።